እሺ ብሎ የወደቀው አባት

ባለፈው ወር አንድ እሁድ እትዬ ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባላቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ። ልጅ አልወለዱም። ቤታቸው ሰፊ ነው፤ ምንጣፉ ላይ አንድ ፍርፋሪ አይገኝም። ልጄ ግን ገብቶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፈንዲሻውን እስከ መኝታ ቤት ድረስ በትኖት ነበር።

ቶናው እንደተቀዳ እትዬ ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ጸጉሩን እያሻሹ ወደ እኔ ዞሩና፣ "ይህን ልጅ ስጪኝ" አሉኝ።

እኔም አፌ ላይ እንደመጣልኝ "ውሰዱት እትዬ! የእርስዎ አይደል እንዴ?" አልኩ። እንዲህ ሲባል መልሱ ይኸው ነው። ማንም አስቦበት አይመልስም።

እሳቸው ግን አልሳቁም። "አልቀለድኩም" አሉ ቀስ ብለው። "አንቺ ገና ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ። ይሄ ቤት ግን እኔ ስሄድ ሊዘጋ ነው።"

በረካውን እንዴት እንደጠጣሁት አላውቅም። መኪና ውስጥ ባለቤቴ "ምን ነበር ያልሻቸው?" አለኝ። "ውሰዱት ነዋ" አልኩት። ከዚያ ቤት እስክንደርስ አልተነጋገርንም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያሰብኩት ስለ አንድ ቻይናዊ ነው። ሰውዬው ከሞተ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። እሱም አንድ ሌሊት ልጁን ተጠይቆ "እሺ" ብሎ ነበር። ልጁም እንደኔው ልጅ ሦስትን አልፎ አራትን ያልያዘ ነበር።

ይህን ታሪክ ያወቅሁት ሳልወልድ በፊት፣ ለሥልጠና ቤይጂንግ በሄድኩ ጊዜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ እንዞር ነበር። አንዱን ቅዳሜ የነገሥታቱን ግቢ አየን፤ በሌላው ሆውሃይ የሚባለው ሐይቅ ዳር ሄድን። ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሰው ላዩ ላይ ይንሸራተት ነበር። ከዳርቻው የድሮ መሳፍንት ቤት አለ። አብራን የነበረች ቻይናዊት "ይህ ቤት ሁለት ልጅ ለዙፋን ሰጥቷል" አለችን። እኔ በሆዴ "እንዴት ያለ ዕድለኛ ቤት ነው!" አልኩ። ያኔ ልጅ አልነበረኝማ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቤተሰብ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ። (ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው።)

ከሠላሳ አምስት ወደ ባዶ

ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ችግር መጀመሪያ የልጅ ማነስ አልነበረም። የልጅ መብዛት ነበር። ከ1661 እስከ 1722 የነገሠው ካንግሺ 35 ወንዶች ልጆች ወልዷል። እሱ ራሱ ለዙፋን ከታጨባቸው ምክንያቶች አንዱ የሚገርም ነው፦ አባቱ በፈንጣጣ ሲሞት እሱ ፈንጣጣ ወጥቶበት ድኖ ነበር። ዳግመኛ አይዘውም ማለት ነው። ፊቱ ላይ የቀረው ጠባሳ የሹመት ወረቀቱ ሆነለት ብል ይቀለኛል።

ካንግሺ አንዱን ልጁን ገና በሕፃንነቱ አልጋ ወራሽ አደረገው። ልጁ ተጠባበቀ፣ ተጠባበቀ፤ አባት ግን አይሞትም። በ1708 ሻረው። በ1709 መለሰው። በ1712 እንደገና ሻረው። ሌሎቹ ወንድማማቾች በቡድን ተከፋፍለው ተናከሱ። መጨረሻ ላይ አራተኛው ልጅ ዮንግዠንግ ነገሠ፤ ከተቀናቃኝ ወንድሞቹ ሁለቱ በእስር ላይ ሞቱ።

ያን ሁሉ ያየው ዮንግዠንግ አንድ ዘዴ ፈጠረ። የወራሹን ስም በወረቀት ጽፎ በሳጥን አሽጎ፣ የሰማያዊ ንጽሕና አዳራሽ ከሚባለው ክፍል ከዙፋኑ በላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ ጀርባ ደበቀው። ንጉሡ ሲሞት ሳጥኑ ይከፈታል። ያንን ሰሌዳ አይቼዋለሁ። የተጻፈበት ቃል "ቅንና ግልጽ" እንደማለት ነው ብለው ሲተረጉሙልን ሳቄ መጣ። የአገሩ ትልቁ ምሥጢር የተደበቀው "ግልጽ" ከሚል ጽሑፍ ጀርባ ነዋ።

ዘዴው ሠርቷል። ለሥራው ግን ከአንድ በላይ ልጅ ያስፈልጋል። የዮንግዠንግ ልጅ ቺየንሎንግ 17 ወንዶች ወለደ። ቀጣዩ 5። ከእሱ ቀጥሎ የነገሠው ዳውጓንግ 9። የዳውጓንግ የምሥጢር ወረቀት ዛሬም አለ፤ አራተኛው ልጅ አልጋ ወራሽ ይሁን ይልና እዚያው ላይ ስድስተኛውን ልዑል አድርጉት ይላል። አባት ለአንዱ ዙፋን ሲሰጥ ሌላው እንዳይከፋው ሲጨነቅ ይታያችሁ።

አራተኛው ልጅ ሺየንፌንግ ነው። እሱ ሁለት ወንዶች ብቻ ወለደ። ሁለተኛው በ1858 በተወለደበት ዕለት ሞተ። ከዚያ በኋላ በቻይና ዙፋን ላይ ለተቀመጠ ንጉሥ ልጅ አልተወለደም። አንድም። ሺየንፌንግ በ1861 በ30 ዓመቱ ሲሞት የሚከፈት ሳጥን አልነበረም፤ ምን ምርጫ አለና! የቀረው የአምስት ዓመቱ ቶንግዢ ብቻ ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። የቺንግ ቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዓይና ሆነ።

የቶንግዢ እናት ከዙፋኑ ጀርባ ሆና አገር የገዛችው ታዋቂዋ ሲሺ ናት። ስለእሷ ብዙ ተብሏል፤ አብዛኛውን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። እያሱንና ምኒልክን እያሰባችሁ የምታነቡ እንዳላችሁም አውቃለሁ። ዛሬ እነሱን አልነካም።

ያ ሌሊት

ጥር 12 ቀን 1875። ቶንግዢ በ18 ዓመቱ ሞተ። የቤተ መንግሥቱ ሐኪሞች መዝገብ የሚለው ፈንጣጣ ነው። ቅድመ አያቶቹን ከዙፋን ያወጣውም ያስቀመጠውም በሽታ እሱንም አገኘው። ሚስት አለችው፤ ልጅ የለም።

በዚያው ምሽት ሁለቱ እቴጌዎች፣ ሲሺና የሺየንፌንግ ታላቅ ሚስት ሲአን፣ መሳፍንቱንና ሹማምንቱን ጠሩ። ሬሳው ገና አልቀዘቀዘም። ጥያቄው አንድ ነው፦ ማን ይንገሥ?

እዚህ ላይ ስለስም ትንሽ ማለት አለብኝ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባም። በዚያ ቤተሰብ የአንድ ትውልድ ወንዶች ሁሉ ስማቸው በአንድ ቃል ይጀምራል። የቶንግዢ ትውልድ "ዛይ" ነው፤ የሚቀጥለው "ፑ"። ወራሽ ማለት ደግሞ አልጋ ላይ የሚቀመጥ ብቻ አይደለም። ለሟቹ መሥዋዕት የሚያቀርብ፣ በመታሰቢያው ፊት የሚሰግድ ልጅ ነው። እኛ ዘንድ ተዝካር የሚያወጣለት እንደምንለው። ስለዚህ ለቶንግዢ ልጅ ሊሆን የሚችል "ፑ" መፈለግ ነበረበት። ያ ከሆነ ግን የአዲሱ ንጉሥ እናት የቶንግዢ ሚስት ትሆናለች። ሲሺ አያት ሆና ወደ ጓዳ ትገባለች።

ሲሺ ሌላ "ዛይ" መረጠች። ለሟቹ ልጅ ሳይሆን የአጎት ልጅ የሚሆን። ስሙ ዛይቲየን። አባቱ ዪሹየን የሺየንፌንግ ወንድም ነው። እናቱ ደግሞ የራሷ የሲሺ ታናሽ እህት። የመጀመሪያ ልጃቸው በጨቅላነቱ ሞቶባቸዋል። ያን ሌሊት በሕይወት ያለ ብቸኛ ወንድ ልጃቸው ዛይቲየን ነበር።

ዪሹየን እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። የ34 ዓመት ሰው። የልጁን ስም ሲሰማ የሆነውን ዌንግ ቶንግሄ የሚባል የቤተ መንግሥት ምሁር አይቶ በዕለት ማስታወሻው አስፍሮታል። የማስታወሻው ቃል አጭር ነው። ዪሹየን ደነገጠ። በአክብሮት "እሺ" አለ። ግንባሩን ከመሬት እያጋጨ አምርሮ አለቀሰ። ራሱን ስቶ ተደፋ። ሊያነሱት ቢሞክሩ ሊነሳ አልቻለም።

ይህን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት! መጀመሪያ ላይ ዓይኔ የሚሄደው ወደ መውደቁ ነበር። ከእትዬ ቡና በኋላ ግን ዓይኔ የሚያርፈው "እሺ" ላይ ነው። ሰውዬው መጀመሪያ እሺ አለ። ከዚያ ነው የወደቀው። አፉ የለመደውን መለሰ፤ ሰውነቱ ዘግይቶ ሰማ።

ለምን ወደቀ? የታሪክ ሰዎች ብዙ መልስ አላቸው። አንዱ ፍርሃት ነው ይላል፦ የንጉሥ አባት ሆኖ ንጉሥ ያልሆነ ሰው ለዙፋን አደገኛ ነው፤ ሲሺ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አትወድም። እውነትም ዪሹየን ብዙም ሳይቆይ ሥልጣኑን ሁሉ እንዲያነሱለት ለምኗል። ሌላው የሥርዓት ጣጣ ነው ይላል፦ አባት ለልጁ ሊሰግድ ነው፤ ዓለም ተገለበጠ። ቲያትር ነው የሚልም አይጠፋም፤ በቤተ መንግሥት ሰው ሲሾም እያለቀሰ "አይገባኝም" ማለት ወግ ነውና።

ቲያትር ነው የሚለው አይዋጥልኝም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እሱ ግን እንባ ብቻ አይደለም፣ ሰው ደግፎት እንኳ መቆም አቃተው። የፍርሃቱ መልስ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ሰው በአንድ ምክንያት ብቻ አይወድቅም። እኔ የማስበው ቤቱን ነው። ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ተኝቷል። እናቱ ምንም አልሰማችም።

በዚያው ሌሊት አጀብ ተላከ። ልጁን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ወሰዱት። እናቱ ምን አለች? እሺ አለች? ማስታወሻ የሚይዝ ምሁር እሷ ቤት አልነበረም። ስለዚህ ስለእሷ የማውቀው ይህን ያህል ነው፤ እህቷ ልጇን ወሰደችባት። "ወሰደችባት" የሚለውን ቃል ሳልፈራ ነው የጻፍኩት።

ያልተወለደውም ተሰጠ

ልጁ ጓንግሹ ተባለ። ለሺየንፌንግ የማደጎ ልጅ ሆኖ ተመዘገበ። ሲሺን "አባት" ብሎ እንዲጠራት ተደረገ፤ እናት እንኳ አይደለም፣ አባት። ፊደል ያስቆጠረው ማን ይመስላችኋል? ያው ዌንግ ቶንግሄ ነው። አባቱ ሲወድቅ ያየው ሰው ልጁን ማንበብ አስተማረው።

ሟቹ ቶንግዢ ግን አሁንም ልጅ የለውም። መሥዋዕቱን ማን ያቅርብለት? ሚስቱ ከእሱ ሞት በኋላ ሁለት ወር ተኩል ብቻ ኖራ ሞተች። በ1879 ቶንግዢ በወጉ ሲቀበር ዉ ከዱ የሚባል አንድ ሽማግሌ ሹም ለዙፋኑ የመጨረሻ ማመልከቻውን ጻፈና መርዝ ጠጥቶ ሞተ። የጠየቀው ነገር፦ ጓንግሹ ነገ ልጅ ሲወልድ ያ ልጅ የቶንግዢ ወራሽ ይሁን። ቃሉ በ1875ም ተሰጥቶ ነበር፤ እሱ ግን በጽኑ እንዲታሰር ፈለገ።

እስቲ አስቡት። ጓንግሹ በ1879 የሰባት፣ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ገና ያልወለደው ልጅ ከወዲሁ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ለሞተ ሰው። እሱ ራሱ ለሞተ ሰው የተሰጠ ልጅ ነው። ቤቱ ባዶ በሆነ ቁጥር ከጎረቤት ይበደራል፤ ጎረቤቱ ሲያልቅ ደግሞ ካልተወለደው።

ያ ልጅ አልተወለደም። ጓንግሹ በ1889 የሲሺን የወንድም ልጅ አገባ፤ አልተዋደዱም። በ1898 አገሩን ለማሻሻል መቶ ቀን ያህል ሞከረ፤ ሲሺ አክስቱ በሐይቅ መሐል ባለች ደሴት አሰረችው። በ1900 አንድ "ፑ" ወራሽ ተብሎ ተሰየመና በ1901 ተሻረ፤ አባቱ ቦክሰሮች የተባሉትን አማፅያን ደግፎ ስለነበር። እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም።

አንድ ቤት፣ ሁለት ጊዜ

አሁን ወደ ሆውሃዩ ቤት ልመለስ።

ጓንግሹ የተወለደው እዚያ አይደለም፤ ሌላ ሰፈር ነው። በሕጋቸው ግን ንጉሥ የተወለደበት ቤት ተራ ሰው አይኖርበትም። ስለዚህ ወላጆቹ ልጃቸውን ብቻ ሳይሆን ቤታቸውንም ለቀቁ፤ ወደ ሆውሃይ መጡ። ዪሹየን በ1891 ሞተ። ልጅየው እንደነገሠ አባቱን ቀበረ፤ ወራሹ ግን እሱ ሳይሆን በኋላ ከሌላ ሚስቱ የተወለደው ዛይፈንግ ሆነ።

ኅዳር 1908 የጓንግሹ ሕመም ጠና። ኅዳር 13 ቀን ከሆውሃይ ቤት ሌላ ልጅ እንዲወሰድ ታዘዘ፦ የዛይፈንግ ልጅ ፑዪ፣ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር። በማግሥቱ ጓንግሹ በ37 ዓመቱ ሞተ። በማግሥቱ ደግሞ ሲሺ ሞተች። ከመቶ ዓመት በኋላ የጓንግሹ ጸጉር ሲመረመር ብዙ አርሴኒክ ተገኘበት። ማን እንደሰጠው እየተከራከሩ ነው።

ፑዪ አድጎ ያን ምሽት ተርኮታል። ያሳደጉት አያቱ፣ የዪሹየን ሌላዋ ሚስትና የዛይፈንግ እናት፣ ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ሳቱ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። በዚያ ቤተሰብ ልጅ ሲጠየቅ ሁለት ጊዜ ሰው ወደቀ፦ በ1875 ባል፣ በ1908 ሚስት። ልጁ እየጮኸ ጃንደረቦቹን ደበደባቸው። አባቱና ሹማምንቱ የሚያደርጉት ጠፋቸው። ነገሩን የፈታችው ጡት የምታጠባው ሴት ናት፤ አንስታ ጡቷን ሰጠችው፣ ዝም አለ። ይዛው ሄደች።

ታኅሣሥ 2 ቀን ዙፋን ላይ ተቀመጠ። ብርድ ነበር፣ ሥርዓቱ ረዘመ፣ አለቀሰ። አባቱ ከጎኑ ተንበርክኮ ይዞት "አታልቅስ፣ አሁን ያልቃል፣ አሁን ያልቃል" ይለው ነበር። የቆሙት ሹማምንት ቃሉን እንደ ክፉ ምልክት ቆጠሩት። በየካቲት 1912 እውነትም አለቀ። ለእኔ ግን ምልክት አይደለም። ልጄ ክትባት ሲወጋ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

አንዱ ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ ይከነክነኛል። ፑዪ ከቤቱ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ታናሽ ወንድሙ ፑጂየ እንዲጫወትለት ወደ ግቢ ተፈቀደለት። ድብብቆሽ ተጫወቱ፣ ሳቁ፣ ወንድማማች ሆኑ። ድንገት ፑዪ የወንድሙን እጅጌ ገበር አየ። ቢጫ ነው። ደማቅ ቢጫ የንጉሥ ቀለም ነው፤ ሌላ ሰው አይለብሰውም። ፊቱ ተለዋወጠ። "ይህ ቀለም ምንድን ነው? አንተ የምትለብሰው ነው?" ብሎ ተቆጣው። ወንድሙ እጁን ወደታች አድርጎ እንደ ሎሌ ቆመ። ጨዋታው አለቀ።

ፑዪ አምስት ሴቶች አግብቷል። ልጅ አልወለደም። በ1967 ቤይጂንግ ውስጥ ሞተ። ሦስት ነገሥታት ተከታትለው ያለልጅ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንላለን፤ ዪሹየን ግን ገደሉን ያየ ይመስለኛል። ምን ያደርጋል፣ እሺ ብሏል።

እትዬ

እትዬ ሲሺ አይደሉም። ይህን ቢያነቡት እንዳይከፋቸው ነው የምለው። ሰው ልጅ አጥቶ ሰፊ ቤት ውስጥ ሲያረጅ ምን ያህል እንደሚከብድ የማላውቀው እኔ ነኝ። ወልዶ መሳም፣ ዘርቶ መቃም ብለው ሲመርቁን አሜን ብለን የምናልፈው ልጅ ያለን ሰዎች ነን። እናቴም ነገሩን ስነግራት አልደነገጠችም። "ቅዳሜና እሁድ ቢሆንስ?" ነው ያለችኝ። ባለቤቴ "መጥተው እኛ ጋር ይኑሩ" ይላል። እትዬ ደግሞ ቤታቸውን ጥለው አይወጡም።

ሐሙስ ዕለት ደወሉልኝ። ድምፃቸው ደስ ብሎታል። የኋላውን ክፍል አስጠርገውታል፤ ቀለም ቀቢው ሰውዬ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል።

"ቢጫ ነው ሰማያዊ የሚወደው?" አሉኝ።

ልጄ የሚወደው ቢጫ ነው። ካልሲው ሳይቀር ቢጫ ካልሆነ አያደርግም።

"ሰማያዊ" አልኳቸው።